የዝናቡ የሰዓት አከባበር ጉድለትና የወይዘሮ እልፍነሽ በቆሎ

ከሁሉ አስቀድመን ለዝናብ ያለንን የላቀ አክብሮት እንገልጻለን። ጽሕፈት ቤታችን ከዝናብ ጋር ምንም ጠብ የለውም። ዝናብ በወላይታ ምድር ለዘመናት ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበልና ያለ ዓመት ፈቃድ ያገለገለ አንጋፋ ባለውለታ መሆኑን በየመድረኩ ስንናገር ኖረናል። ቅሬታችን በቅርብ ጊዜ ጠባዩ ላይ ብቻ ነው።

ድሮ በልግ ሲገባ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ዳሞታ ተራራ ላይ ጉም ጣል ያደርግና፣ ሰው ልብሱን ከገመድ ላይ እስኪሰበስብ ታግሶ፣ ለስለስ ብሎ ይጀምር ነበር። ትንሽ ዘንቦ ይሄዳል፤ በማግስቱ ይመለሳል። ጨዋ ነበር። አሁን ግን ለሳምንታት ድምፁን አጥፍቶ ይከርምና አንድ ቀን ድንገት የወር ሥራውን ባንድ ሰዓት ጨርሶ፣ አጥር ነቅሎ፣ መንገድ በልቶ ይሰወራል። ከዚያ ወዲያ ቢጠሩት አይሰማም። ባልደረባችን ፍሬዘር፣ የአየር ጠባይ ባለሙያው፣ ዝናብ የሚዘንብባቸው ቀኖች ከዓመት ዓመት እያነሱ፣ በዘነበ ቀን የሚወርደው ግን እየበዛ መምጣቱን በሥዕል አድርጎ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። አለቃችን አቶ በኃይሉ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ነገሩን በአንድ ሐረግ ጠቀለሉት፤ «የአፈጻጸም ወጥነት ማጣት»። ሐረጉ በጸደቀ ዕለት ሁላችንም እፎይ አልን። ችግሩ ስም አገኘ።

የጽሕፈት ቤታችን ሙሉ ስም የወቅቶች ክትትልና ማስተባበሪያ ነው። ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ ከኸይሩ ሱቅ ፊት ለፊት እንገኛለን። እኔ ይመኙሻል እባላለሁ፤ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የተሠራውን ማስተዋወቅ ሲሆን፣ ያልተሠራውንም ከተሠራው ሳላዳላ በእኩል ዓይን አስተዋውቃለሁ።

እንዲህ በሰላም ስንሠራ ነበር አንድ የመጋቢት ጠዋት ወይዘሮ እልፍነሽ የመጣችው። ከሁምቦ ወረዳ፣ ከተበላ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ በሚኒባስ ተሳፍራ ነው የመጣችው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችና ቀጥታ ወደ አቶ በኃይሉ ጠረጴዛ ሄደች።

«በቆሎ መቼ ልዝራ?»

አቶ በኃይሉ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ጥያቄውን ይድገሙልኝ።»

«በቆሎ፣ ጌታዬ። መቼ ልዝራ?»

ጽሕፈት ቤታችን ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ባለጉዳይ አስተናግዷል። ሽንት ቤት የት ነው ያለ አለ፤ ፎቶ ኮፒ ታነሳላችሁ ወይ ያለ አለ። ስለ ሥራችን የጠየቀ ሰው ግን እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ለዚህ የተዘጋጀ አሠራር አልነበረንም።

«ችግሩን ዘርዘር ያድርጉት እስቲ» አሉ አቶ በኃይሉ፣ ጊዜ ለመግዛት።

«ዝናቡ መጣች» አለች እልፍነሽ። «ደስ አለን፣ ዘራን። በቆሎው ጣት አከለ። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። ፀሐዩ ጠበሰችው። እጄን ሳስጠጋው ዱቄት ሆነ።» ዝናብን አንዴ እሷ፣ አንዴ እሱ ትለዋለች፤ ከዝናቡ የሰሞኑ ጠባይ አንጻር ስህተት ነው ለማለት ያስቸግራል። «አሁን አንድ ጊዜ የሚዘራ ዘር ብቻ ቀርቶኛል። እሱም ከተቃጠለ ልጆቼ የሚበሉት የለም። ባሌ ኤርሳዶ ዛሬ ነገ ሳንል እንዝራ ይላል። እኔ ፈራሁ። አንዴ ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ ብቻዬን መወሰን ፈራሁ። እዚህ ዝናብ የሚያውቁ ሰዎች አሉ ሲሉኝ መጣሁ።»

እዚህ ላይ የሁላችንም ዓይን እርጥበት አዘለ። በዚያ ወር በቢሮአችን የታየው ብቸኛ እርጥበት እሱ ነበር።

ፍሬዘር ከወንበሩ ተነሳ። «እናቴ፣ ምናልባት…»

አቶ በኃይሉ እጃቸውን አነሱ። «ምን ልትል ነው?»

«ምናልባት ቀጣዩን ዝናብ ጠብቀው አፈሩ በደንብ ሲርስ…»

«ምናልባት! ከዚህ ቢሮ ምናልባት የሚል ቃል ወጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም ጋሼ፤ ግን የዝናብ ነገር ስለሆነ…»

«በማኅተማችን ሥር ምናልባት ብለን እንልቀቅ? ነገ ተሳስታችኋል ቢሉንስ?»

«ምናልባት ካልን እኮ አንሳሳትም።»

«ልክም አንሆንም!»

ፍሬዘር ተቀመጠ። አቶ በኃይሉ ግን ቆሙ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ በመድረክ ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦ «ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ያነሡት ጥያቄ ታሪካዊ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በችኮላ መልስ ሰጥተን አናበላሸውም። ሰፊ መድረክ ይዘጋጅለታል። እርስዎም የአርሶ አደሩ ተወካይ ሆነው ይገኛሉ።»

«እሺ። ዘሩስ?»

«ውሳኔ እስኪተላለፍ አንድ ፍሬ መሬት እንዳይነካ!»

እልፍነሽ አመስግና ወጣች። ኸይሩ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ወርሶ ፕላስቲክ የተባለ ነገር ሁሉ ይሸጣል። ውሃ እንድትጠጣ ሰጣትና ጠየቃት።

«ምን አሉሽ እህቴ?»

«ጥያቄሽ ትልቅ ነው አሉኝ።»

«በይ እንግዲህ፤ ትልቅ ካሉት በዚህ በልግ አያልቅም።»

«አንተስ ምን ትላለህ? ይዘንባል?»

«እኔ እንጃ! ከዘነበ ጃንጥላ አለኝ፤ ካልዘነበ ጀሪካን አለኝ።»

አቶ በኃይሉ ይህን በሰሙ ጊዜ «ግልጽ አቋም የሌለው ነጋዴ» ብለውታል።

እልፍነሽ ቤቷ ስትገባ ዘሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረች። ኤርሳዶ ብዙ የማይናገር፣ ሲናገርም ነገር የማያሳምር ሰው ነው።

የመጀመሪያው መድረክ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተካሄደ። «ዝናባችንን በጋራ ወደ ሰዓቱ!» የሚል ሰንደቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ ነበር። መርሐ ግብሩ ላይ የፍሬዘር ጽሑፍ በግልጽ ተቀምጧል፤ ርእሱም «በቆሎ መቼ ይዘራ?» ይላል። እልፍነሽ ከፊት ወንበር ቁጭ ብላ እሱን ጠበቀች።

አቶ በኃይሉ የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። «ክቡራንና ክቡራት! ዝናብ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድበት አሠራር ጊዜው አልፎበታል! ከታች ወደ ላይ የሚመጣ የአርሶ አደሩ ተሳትፎ ያስፈልገዋል!» ጭብጨባው የአዳራሹን መስኮት አርገበገበው። ከእሳቸው ቀጥሎ የመክፈቻውን ንግግር የሚያመሰግን ንግግር ተደረገ። ከዚያ ውይይቱ ጦፈ። ዝናቡ ዘገየ ይባል ወይስ ቀረ የሚለው ብቻ ብዙ ሰዓት በላ። በመጨረሻ አንድ ተሳታፊ እጁን አውጥቶ፣ «ዘንድሮ ዘገየ የምንለው ለከርሞው ቀድሞ እየመጣ ቢሆንስ?» አለ። የአቶ በኃይሉ ፊት ፈካ። ያን ሰሞን ለበላይ አካል በላክነው ሪፖርት ላይ፣ የዞናችን ዝናብ ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ከወዲሁ በመገስገስ ላይ መሆኑን አስታውቀናል።

ፍሬዘር ተራው ደርሶ የመጀመሪያውን ገጽ ሲከፍት «እንደምን አደራችሁ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሰዓቱ ሄዶ ስለነበር ወደ «እንደምን ዋላችሁ» እንዲያስተካክል ተነገረውና ለምሳ ወጣን። ከምሳ ስንመለስ የመዝጊያ ንግግር ሰዓት ደርሶ ነበር። ለእልፍነሽ ቆብና ካናቴራ ተሰጣት። «ይመኙሻል፣ ፎቶ!» አሉ አቶ በኃይሉ፤ አነሳኋት።

ቤቷ ስትደርስ ኤርሳዶ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ምን አሉ?»

«ተስማሙ።»

«በምን?»

«አብሮ በመሥራት።»

«ምኑን?»

«እሱ በሚቀጥለው ነው።»

«ዘሩስ?»

«ይቆይ ብለዋል።»

ኤርሳዶ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ ካናቴራውን አየ። «ምን ይላል?»

«ዝናባችንን በጋራ።»

«እሱን ለብሶ መቆፈር ይቻላል?»

«ይቻላል። ነጭ ነው እንጂ።»

ቀጣዩ መድረክ መጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም መጣ። ፍሬዘር በአንዱ «እንደምን ዋላችሁ» የሚለውን አልፎ እስከ «ምስጋና» ድረስ ደርሶ ነበር፤ መብራት ጠፋ። እልፍነሽ ግን አንድም ቀን አልቀረችም። እኛም እያደር ድንቅ ለውጥ አየንባት። መጀመሪያ ላይ «ዝናቡ ጠፋ» ትል የነበረችው ሴት፣ «ዝናቡን በሚፈለገው ልክ ተደራሽ ማድረግ አልተቻለም» ማለት ጀመረች። ማይክ ከያዘች አትለቅም። እሷ ስትናገር አቶ በኃይሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ የራሳቸውን ንግግር ከሌላ ሰው አፍ መስማት ያስደስታቸዋል። መድረኮቹ «ንቅናቄ» ተብለው ዓቢይ ኮሚቴ ሲቋቋምላቸውም ምክትል ሰብሳቢ ሆና በአንድ ድምፅ ተመረጠች።

ይህ እድገት ቤቷም ዘልቋል። አንድ ቀን ኤርሳዶ ወጡን ቀምሶ፣ «ጨው የለውም» አለ።

«የጨው ውስንነት መኖሩን በጥሩ ጎን አንስተሃል» አለችው። «በቀጣይ ምላሽ የሚሰጥበት ይሆናል።»

ኤርሳዶ ተነስቶ ጨው ራሱ ጨመረ።

በዚህ ሁሉ መሀል እጇ ከአንገቷ ቁልፍ አይለይም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ እስኪሞላ ኸይሩ ሱቅ ቁጭ ብላ ሳለች፣ እኔም የስልክ ካርድ ልገዛ ገብቼ፣ እንዲህ ስትለው ሰማሁ።

«ስብሰባው ላይ ስቀመጥ ፍርሃቱ ይቀለኛል፣ ኸይሩ። ያ ሁሉ ሰው ከእኔ ጋር የሚፈራ ይመስለኛል። ቤቴ ስደርስ ግን ሰማዩ እዚያው ነው፤ ሣጥኑም እዚያው ነው።»

«ክፈቺዋ ሣጥኑን።»

«ከፍቼ ብሳሳትስ?»

ኸይሩ ተነስቶ የጃንጥላዎቹን አቧራ ማራገፍ ያዘ።

ሚያዝያ ተጋመሰ። ዝናቡ አሁንም ለከርሞ እየገሰገሰ ነበር። አቶ በኃይሉ የንቅናቄው ማጠቃለያ በታላቅ ድምቀት፣ ሜዳ ላይ፣ ያውም ጥያቄው በተወለደበት መንደር፣ በእልፍነሽ ማሳ አጠገብ እንዲከበር ወሰኑ። ፍሬዘር በሩን አንኳኩቶ ገባ።

«ጋሼ፣ በማጠቃለያው ቀን ኃይለኛ ዝናብ ሊኖር ይችላል። አዳራሽ ቢሆን ይሻላል።»

«ሊኖር ይችላል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምናልባት ማለት ነው።»

«ስማኝ ልጄ። በዕቅዳችን ላይ ዝናቡ የሚጀምረው ከማጠቃለያው በኋላ ነው። ማጠቃለያው ሳይካሄድ በምን ሥልጣኑ ይጀምራል?»

በዕለቱ ፀሐዩ የሚያምር ነበር። ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች ከየማሳቸው ተጠርተው ተቀመጡ፤ ከክልል የተጋበዙ እንግዶች በመኪና እየተንገጫገጩ ደረሱ። ኸይሩም አንድ ጭነት ጀሪካንና አንድ ጭነት ጃንጥላ ይዞ መጥቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። አቶ በኃይሉ ጃንጥላዎቹን በጥርጣሬ አይተው «ይህ ሰው መልእክታችንን እየተቃረነ ነው» አሉኝ። ኤርሳዶ ማሳው ዳር ቆሟል፤ መሬቱን አለስልሶ ከጨረሰ ሰንብቷል። ስብሰባ ተቀመጥ ቢሉት «ከብቶች አሉብኝ» ብሎ እምቢ አለ።

እልፍነሽ ዋና ተናጋሪ ነበረች። ካናቴራዋን ለብሳ፣ ቆቧን ደፍታ መድረኩ ላይ ወጣች። «የተከበራችሁ እንግዶች!» ብላ ጀመረች። እንዴት እንደ ተናገረች! ከጀርባዋ ሰማዩ ቀስ እያለ ጠቆረ። ለፎቶ እጅግ የሚያምር ጥቁር ነበር፤ ደጋግሜ አነሳሁት።

«ዝናቡን ወደ ሰዓቱ ለመመለስ ባደረግነው ርብርብ» ስትል አንድ ጠብታ ማይኩ ላይ አረፈች። ጧ አለ። «ያገኘናቸው ተስፋ ሰጪ ውጤቶች» ስትል ሰማዩ ተዘረገፈ።

እናንተ! ዝናብ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ድንኳኑ ሆዱን ነፍቶ ውሃ ያዘና በእንግዶቹ አናት ላይ ፈረጠ። «ዝናባችንን በጋራ ወደ ሰዓቱ!» የሚለው ሰንደቅ ከገመዱ ተበጥሶ ወደ ተበላ አቅጣጫ በረረ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ተሰልፈው፣ በሥርዓት፣ ቁልቁል በጎርፉ ሄዱ። ኸይሩ ጃንጥላ ሸጦ እስኪጨርስ እጁ አልበቃው አለ፤ ጃንጥላ ያልደረሰው እንግዳ ጀሪካን ገዝቶ ራሱ ላይ ያዘ። አቶ በኃይሉ መሀል ሜዳ ላይ ቆመው፣ «ተረጋጉ! መርሐ ግብሩ ላይ የለም! መርሐ ግብሩ ላይ የለም!» ይላሉ። ፍሬዘር ላፕቶፑን ሆዱ ላይ አቅፎ ይስቃል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

እልፍነሽ ግን መናገሯን አላቆመችም። ባዶ ወንበር እንኳ በሌለበት ሜዳ «ቀጣይ አቅጣጫዎችን በተመለከተ» ትላለች። ከማሳው ዳር ኤርሳዶ ጮኸ።

«አንቺ! ዝናቡ መጥቷል! ቁልፉን!»

«አስተያየት ያለው እጁን…» አለችና ቆመች። እጇ ወደ አንገቷ ሄዶ ነበር። ቁልፉን ስትነካው ነው መሰለኝ፣ ድንገት ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ዙሪያዋን አየች፤ ቆቧን አየር ላይ ወርውራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ወደ ቤቷ በረረች። ኤርሳዶ ከኋላዋ፤ እኛ ከኤርሳዶ ኋላ። አቶ በኃይሉ እየሮጡ፣ «የመስክ ምልከታው ወደ ፊት መጥቷል!» ብለው አስታወቁ።

ቤቷ ክብ የሣር ቤት ነው። ውስጡ ከብቶቹም፣ ልጆቹም፣ የክልል እንግዶችም በአንድነት ቆምን። አንዲት ጥጃ የአቶ በኃይሉን ከረባት መላስ ጀመረች፤ ጨው ያለው መሰላት። የእልፍነሽ ትልቋ ልጅ ሃይሚ የተቀቀለ ጎደሬ፣ እነሱ ቦይና የሚሉትን፣ በሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ አቀረበችልን። ዳጣው እንባችንን አራገፈው። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ሳለ አቶ በኃይሉ ስብሰባው በተለዋጭ አዳራሽ መቀጠሉን አወጁ።

ባንድ ሰዓት ውስጥ ዝናቡ የወሩን ሥራ ጨርሶ እንደ ልማዱ ሄደ። መንገዱ በጎርፍ ስለ ተቆረጠ መኪኖቹ አይንቀሳቀሱም። የሁምቦ መሬት ጠምቶት ስለ ከረመ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። እልፍነሽ ሣጥኑን ከፈተች፤ ኤርሳዶ ዘሩን በሰፌድ ተቀብሎ ወጣ። እሷ በሩ ላይ ቀረች። ወደ ፍሬዘር ዞረች።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይዘራ?»

ፍሬዘር አለቃውን አየ። አለቃው ከጥጃዋ ጋር ከረባት እየተጓተቱ ነበር።

«ምናልባት» አለ ፍሬዘር። «በቅርቡ ከደገመ ይይዛል። ካልደገመ አይይዝም። መድገም አለመድገሙን በእርግጥ የሚነግርሽ የለም። እኔ ብሆን ግን ግማሹን ዛሬ እዘራና ግማሹን አቆይ ነበር።»

እልፍነሽ ወደ እሱ ቀረብ አለች። ዓይኗ በእንባ ሞላ፤ የዳጣው አልነበረም።

«ምናልባት ማለት ይቻል ነበር እንዴ?» አለች። «በዚያ ጠዋት ይህን ብቻ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር እኮ። አላውቅም፣ ግን ግማሹን አቆዪ ብትለኝ፣ እግርህን ስሜ እሄድ ነበር።»

«ልልሽ ነበር» አለ ፍሬዘር፣ አንገቱን ደፍቶ።

አቶ በኃይሉ ከረባታቸውን አስለቅቀው መጡ። «ግማሽ የሚለው ሐሳብ ሰፋ ያለ ውይይት ይፈልጋል! የትኛው ግማሽ? የላይኛው ወይስ የታችኛው? ድጋፍና ተቃውሞ እንስማ።» ተሰማ። ከክልል የመጡት እንግዳ ሲሦው ቢዘራ አሉ። አንዱ ገለልተኛ ሆነ። ድምፅ ተሰጥቶ ግማሹ እንዲዘራ በአብላጫ ሲወሰን፣ እልፍነሽ ውሳኔውን ይዛ እየሮጠች ወጣች።

«ኤርሳዶ! ግማሹን! ግማሹን ብቻ!»

ኤርሳዶ ባዶውን ሰፌድ እያራገፈ ቀና አለ። «ጨረስኩ እኮ።»

«ሁሉንም?»

«ማን ግማሽ አለኝ?»

ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። የሚቆጣ አፍ አልነበራትም። ኤርሳዶ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ፤ አብረው ሰማዩን አዩ። ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ንጹሕ ሰማያዊ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ለእልፍነሽ ቀላል አልነበሩም። ስብሰባ ብንጠራት አልመጣችም። በቆሎው ብቅ አለ፤ ጣት አከለ፤ ጫፉ መጠቅለል ሲጀምር እናቴ ማሳው ዳር መዋል ጀመረች ብላ ሃይሚ ኋላ ነግራኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ጉም መጣ። ሰው ልብሱን እስኪሰበስብ ጠበቀ። ለስለስ ብሎ ጀመረ፣ ትንሽ ዘንቦ ሄደ፣ በማግስቱ ተመለሰ። ለምን እንደ ተመለሰ ፍሬዘርም አላወቀም፤ ኤርሳዶማ ጭራሽ አላወቀም። እልፍነሽ ግን ዝናቡ ውስጥ ቆማ፣ ልጆቿን እያሽከረከረች፣ በወላይትኛ ስትዘፍን መንደሩ ሁሉ አይቷታል።

ያ በቆሎ ከአጥር በላይ ቆመ። ጽሕፈት ቤታችንም ይህ አመርቂ ውጤት በንቅናቄው የተገኘ መሆኑን ከነፎቶው ለሚመለከተው ሁሉ አሳወቀ። የእውቅና መድረክ ተዘጋጀ፤ ኤርሳዶ «ተሞክሮው የሚቀመር ሞዴል አርሶ አደር» ተብሎ ሶዶ ተጠራ። አልመጣም ብሎ ነበር፤ እልፍነሽ «ሂድና አንድ ጊዜ ተገላገላቸው» ብላ ይዛው መጣች። የተበደረው ኮት ትከሻው ላይ ጠቦት፣ ማይኩን እንደ እባብ አርቆ ያዘው።

«አቶ ኤርሳዶ» አሉ አቶ በኃይሉ፣ «በአካባቢዎ ብዙ አርሶ አደሮች ዘሩን በጊዜው መሬት አላደረሱም። እርስዎ ዝናቡ በመጣበት ሰዓት ዘርተው ለዚህ ክብር በቁ። ምሥጢሩን ለታዳሚው ያካፍሉ።»

ኤርሳዶ ሚስቱን አየ። ጣሪያውን አየ።

«ስብሰባ ላይ አልነበርኩም» አለ።

ማይኩን መልሶ ሊቀመጥ ሄደ። እልፍነሽ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎረሰች። እኔ ብዕሬን አስቀመጥሁ፤ አሁን አለቃዬ ይቆጣሉ፣ ወይም ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ ይገባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

አቶ በኃይሉ ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር።

«ሰማችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸው በስሜት እየተንቀጠቀጠ። «ሰማችሁ ወይ? ስብሰባ ላይ አለመገኘት! ይህ ነው የጎደለን! ይጻፍ! ይቀመር! ይስፋፋ!»

ጭብጨባው ለመቆም እምቢ አለ። እዚያው በዚያው አዲስ ዓቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኤርሳዶ «ኧረ እኔ…» እያለ በአንድ ድምፅ ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ። በማግስቱ ባወጣሁት ማስታወቂያ እንደ ተገለጸው፣ የዞኑ አርሶ አደሮች በሙሉ ከስብሰባ የመቅረትን ጥቅም የሚረዱበት ሰፊ የሥልጠና መድረክ በመጪው በልግ መግቢያ፣ የዘር ወቅት እንደ ጀመረ ይካሄዳል። ሥልጠናው ከጠዋት እስከ ማታ ነው። በቀረ አርሶ አደር ላይ እርምጃ ይወሰዳል።